ሻይን በስሙ የማትጠራው ምራት

ወንድሜ ሉንጊሳ፣

ሰላምታህን ቆይተህ ትወስዳለህ፤ አስቀድመህ ይህን ስማ። ጆሃንስበርግ ውስጥ፣ ፊልሜን ሊያይ ሰው ግጥም ብሎ በሞላበት አዳራሽ፣ የአያታችን የማኩሉ ፊት በግድግዳው ስፋት ልክ ተዘርግቶ ነበር። ከቀበርናት ወዲህ ድምጿን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። «ማኮቲ፣ ቅጠሉን አምጪልኝ» አለች። ከአገጯ ሥር በነጭ የእንግሊዝኛ ፊደል ምን ተጻፈ መሰለህ? «ጓደኛዬ፣ ሻይ አምጪልኝ።»

አዳራሹ በፍቅር ሳቀ። አንዲት አሮጊት ከወጣት ጓደኛዋ ጋር ሻይ ስትጠጣ፣ አቤት ደስ ሲል! ማኮቲ የተባለችው የእኔዋ ባባልዋ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። እጇን ከእጄ ውስጥ ቀስ አድርጋ አወጣችና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው፤ የሰው ቤት እንደ መጣ እንግዳ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ስለዚያች እጅ ነው።

አሁን ሰላምታህን ውሰድ። እንደምን ከርመሃል? ጀርባህስ ተሻለህ? የፐርዝ ፀሐይ እንዴት ይዞሃል? ከማዕድኑ ጉድጓድ ስትወጣ የሚበላ ነገር የሚያቀርብልህ ሰው አለ ወይስ ዛሬም ከቆርቆሮ ነው የምትበላው? እኛ ደኅና ነን። የማማ ጉልበት በዝናብ ጊዜ ይይዛታል እንጂ ለክፉ አይሰጣትም። የጓሮው ኮክ ዘንድሮ አፍርቷል፤ ግማሹን ወፍ፣ ግማሹን የሰፈር ልጅ በላው። ጤናህን የጠየቅሁህ ከልቤ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈውን ቆመህ እንድታነበው ጤነኛ ሁንልኝ።

ከአዳራሹ እንደወጣን ሃነሊን ያዝኳት። ሃነሊ የፊልሙ ፕሮዲዩሰር ናት፤ አንገቷ ላይ የዶቃ ጌጣችንን ደርድራ የምትዞር፣ ሰው ባየች ቁጥር «የእኔ ጀግና ልጅ» እያለች የምታስተዋውቀኝ የኬፕታውን ሴት። ጽሑፉን ማን ቀየረው አልኳት። መጀመሪያ ተመልካች ግራ እንዳይጋባ ነው አለች፤ ማኮቲ ማለት ሙሽራ ወይም ምራት ከሆነ ሰው «ሙሽራውስ የታለ?» ብሎ ይጠይቃል አለችኝ። ይጠይቃ! ፊልሙን የሠራሁት እንዲጠይቅ አይደለም እንዴ? ስትጨነቅ ደግሞ እውነቱን አፈረጠችው። «ወንድምሽ ደውሎልኝ ነበር» አለች። «የቤቱ ራስ እኔ ነኝ፤ አያቴ በፊልም እንድትታይ የምፈቅደው ያ ቃል ከተነሣ ነው አለኝ።»

የቤቱ ራስ! ሉንጊሳ፣ የዚህ ቤት ጣሪያ ሲያፈስ ራሱ የት ነበር? ማኩሉ በብርዱ ወራት ስትታመም፣ በጀርባዋ አዝላ ክሊኒክ ያመላለሰቻት ባባልዋ ናት፤ ጠዋት ሒሳብ አስተምራ፣ ከሰዓት በኋላ የአያትህን ገላ እያጠበች። አንተ በስልክ መጣህ፣ በስልክ አለቀስህ፣ በስልክ ቀበርህ። አሁን ደግሞ በስልክ ምራት ትሽራለህ። ስልክህ እጅና እግር ቢያወጣ ካንተ የተሻለ ወንድም በሆነኝ ነበር።

ምክንያትህን አልጠየቅሁህም፤ እኔው ልንገርህ። ቄስ ጃፍታ ልጃቸውን ዞሌካን ሊድሩልህ ሽማግሌዎች ተገናኝተዋል። እንግዲያው የእኔ ስም፣ የባባልዋ ስም፣ የሞተች አያትህ ቃል ሳይቀር ተጠርጎ ከምንጣፍ ሥር ይግባ፤ ቄሱ ጫማቸውን እንዳያቆሽሹ።

እኔ ሴት የምወድ ሴት መሆኔን አንተ ያወቅኸው ዛሬ አይደለም። ሥራዬንም ታውቀዋለህ። አገር ለቀህ ስትሄድ የለቅሶ ካሜራ ተሸካሚ ነበርኩ። ቀብር የሚያስቀርጽ ሰው የሚፈልገው ሣጥኑ፣ የመጡት መኪኖችና የወጡት ድስቶች በደንብ እንዲታዩለት ነው። እኔ ግን ከጓሮ ሄጄ ጎመን የሚከትፉትን ሴቶች እቀርጽ ነበር፤ ስለ ሟች እውነቱ የሚወራው እዚያ ነውና። አለቃዬ «የተዋዋልነው ለሬሳ ነው ለጎመን?» ብሎ አባረረኝ። አንተ ይህን ሰምተህ ለአንድ ሳምንት «ወይዘሪት ጎመን» እያልክ ሳቅህብኝ። ይሁን። ማካንዳ ከተማ ገብቼ ፊልም ስማር ያን የጎመን ቴፕ ያየው መምህር ግን ካሜራዬን የት እንደማቆም ማንም ሊያስተምረኝ እንደማይገባ ነገረኝ።

የመጀመሪያውን ዘጋቢ ፊልሜን የሠራሁት በሰፈራችን የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ላይ ነበር። እንደ እኔ ሴት የምትወድ በረኛችን ቱሌካ በተገደለች ጊዜ። ለምን እንደ ገደሏት ሰፈራችን ምዳንትሳኔ ሁሉ ያውቃል፤ አፉን የሞላው ግን ጥጥ ነበር። ባዶውን ግብ ቀረጽኩት፤ ልጆቹ ያለ በረኛ ሲጫወቱና ማንም ወደዚያ ጎል ኳስ ሳይመታ ሲቀር። ያ ፊልም ደርባን ሄደ፣ ዋጋዱጉ ሄደ፣ ሽልማት ይዞ መጣ። በየመድረኩ «ደፋር» ይሉኛል። ደፋር ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ባንቺ ላይ የሚደርሰውን እኛ ቁጭ ብለን እናያለን ማለት ነው። በራችን በድንጋይ በተደበደበ ሰሞን ከነዚያ አጨብጫቢዎች ስልክ ያነሣልኝ አንድ አልነበረም። በሩን የጠገነችው ባባልዋ ናት፤ ማኩሉ ደግሞ ምርኩዟን ይዛ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀመጠች፣ ድንጋይ ወርዋሪዎቹን በየአባታቸው ስም እየጠራች።

በዚያው ሰሞን ነው ማኩሉ ባባልዋን በብርድ ልብስ ሸፍና፣ ከሳር ምንጣፍ ላይ አስቀምጣ፣ ኖላንጋ ብላ የቤት ስም ያወጣችላት። ዘመዶች «ባልየው ማነው?» ብለው ቢያሽሟጥጡ፣ «እኔ ምራት መጣችልኝ፤ ባል የጎደለበት ካለ ሄዶ ይፈልግ» አለቻቸው። ይህ ሁሉ በአሁኑ ፊልሜ ውስጥ አለ። አንተ አይተኸው ቢሆን ኖሮ ትስቅ ነበር። ግን አላየኸውም፤ ሳታይ ነው የቆረጥኸው።

አሁን ወደ ቅጠሉ ልመልስህ። ፐርዝ ሆነህ ረስተኸው ይሆናል እንጂ ወንዱ አያታችን፣ የማኩሉ ባል፣ ቲዮ ይባል ነበር። ስለዚህ በዚህ ቤት ያገባች ሴት ስሙን ለማክበር ሥሩ በ«ቲ» የሚጀምር ቃል ከአፏ አታወጣም፤ ሻይንም እንደ ሌላው ሰው «ኢ-ቲ» ብላ አትጠራም። ማኩሉ ዕድሜዋን ሙሉ «ቅጠሉ» አለች፤ ማማም እንደዚሁ። እኔና አንተ የቤቱ ልጆች ነንና እንደ ልባችን ሻይ እያልን አደግን። ባባልዋ ግን ስሙ ከወጣላት ቀን ጀምሮ፣ ማንም ሳያዝዛት፣ ያን ቃል ከአፏ አውጥታ ጣለችው። ትምህርት ቤት በመምህራን ክፍል እንኳ «የዚያን ቅጠል ውሃ አቀብሉኝ» ትላለች፤ ባልደረቦቿ ይሥቁባታል። የሃነሊ ሰዎች በአንድ መስመር ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ዋሹ፦ ማኮቲውን ጓደኛ አሉት፣ ቅጠሉን ሻይ አሉት። ለጓደኛማ ሻይ ሻይ ነው።

እናም ምን አደረግሁ? ራሴ ያቀናበርኩትን ቅጂ ይዤ መጣሁና ቅዳሜ አመሻሹ ላይ የጎረቤታችን የአሮጊቷ የማምቶሎ ጋራዥ ግድግዳ ላይ አንሶላ ሰቀልኩ። ማምቶሎን ታውቃቸዋለህ፤ ማኩሉ ከሞተች ወዲህ በዚህ መንገድ የሚፈራ ምላስ ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ግድግዳቸውን ያዋሱኝ ወደውን መስሎህ እንዳትሞኝ፤ «የጎረቤቴን ድምፅ ልስማ እንጂ የእናንተን ነገር አልሰማም» ብለው ነው። ሰው ወንበሩን እየተሸከመ መጣ። እንዲህ ባለው ግቢ የግርጌ ጽሑፍ የሚያስፈልገው ሰው የለም፤ ሁሉም ጆሮውን ይዞ ነው የሚመጣው።

ማኩሉ «ማኮቲ» ስትል ከአጥሩ በኩል አንዱ ጎረምሳ «እንዴ ንዋቢሳ፣ የጥሎሹን ላሞች ያስገባሽው በየት በኩል ነው? ኮቴ አልሰማንም!» ብሎ ጮኸብኝ። ሳቁ ሊነሣ ሲል ማምቶሎ ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ «አንተ ዝም በል፤ ልጅህ ጥርስ አብቅሎ እናቲቱ ገና እናቷ ቤት ናት፤ ያንተ ላም ገና በማኅፀን ነው» አሉት። ግቢው ፈነዳ። እኔም ደስ አለኝ፤ ከእኛ ጋር የቆሙ መስሎኝ። አልቆሙም ኖሯል። ፊልሙ ሲያልቅ ተነሥተው «በፊልም ማኮቲ መሆን ቀላል ነው» አሉ። «ማኮቲ ከሆነች ሰው ግቢዋ ሞልቶ ምን ታየናለች? ታስተናግደን እንጂ።»

ባባልዋ እንደ ማኮቲ ወግ ሻሿን ግንባሯ ድረስ ዝቅ አድርጋ አሰረች፣ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ በመርፌ ቁልፍ ያዘችና ትሪውን ይዛ መጣች። ማምቶሎ ፊት በርከክ አለች።

«ምን ይዘሽልኝ መጣሽ ልጄ?» አሏት።

«ቅጠሉን ነው፣ ማማ።»

«የቱን ቅጠል? ጆሮዬ ደክሟል። ጎመን ነው?»

«የሚጠጣውን ነው፣ ማማ።»

«ስም የለውም?»

ሰው ሁሉ አፏን ነው የሚያየው። አንድ ቃል ብትል፣ ያን ማንም ሕፃን የሚለውን ቃል ብትል፣ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። «ለሰው አለው» አለች ባባልዋ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ። «ለእኔ የለውም።»

ማምቶሎ ኩባያውን አነሡ፣ ቀመሱ፣ ፊታቸውን አጨማደዱ። «ውሃ ነው» አሉ። «የዚህ ቤት ምራቶች ሁሉ የሚያፈሉት ውሃ ነው። ሟቿም በመጣችበት ሰሞን ያጠጣችን ይህንኑ ነበር።» ከዚያ ኩባያውን መልሰው ዘረጉ። «ጨምሪልኝ፣ ማኮቲ።»

እኔ ካሜራ ይዤ ነበርኩ፤ ግን አልቀረጽኩትም።

ደግሞ ይህን ስማ። ያቺ አንተ እንዳታፍር የፈራህላት ዞሌካ ከእናቷ ጋር ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሰው ሲበተን እጅጌዋን ሰብስባ ከባባልዋ ጋር ኩባያ ስታጥብ አገኘኋት። ያልኸውን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አኮረፈች። «እኔን ምክንያት አደረገኝ?» አለች። «እኔ እኮ እዚያ ቤት ስገባ ብቻዬን እንዳልሆን ነበር የምጸልየው። ለሉንጊሳ ንገሪው፤ አንዷን ማኮቲ የደበቀ ወንድ ሌላዋን ምን ሊያደርጋት ነው?» መልሱን ለራሷ ስጣት፤ እኔ ጸሐፊህ አይደለሁም።

ሃነሊ ትናንት ደውላ ግቢ ውስጥ ማሳየት ውል ማፍረስ ነው፣ ጠበቃ አለ አለችኝ። ጠበቃውን ይዛው ትምጣ፤ ወንበሩን ግን ራሱ ይዞ ይምጣ አልኳት። ቴሌቪዥን ጣቢያው «ጓደኛዬ» የሚለውን ይዞ ሊያስተላልፍ ከፈለገ ስሜን ከፊልሙ ላይ ይፋቅ ብዬአለሁ። ዳይሬክተር የሌለው ፊልም፣ ሙሽራ የሌላት ማኮቲ፤ ግራ መጋባት ለሚፈሩ ሰዎች ይበቃቸዋል። እኔ በሚቀጥለው ቅዳሜ ዝዌሊትሻ ነኝ፤ የአክስታችን ግቢ ሰፊ ነው፣ አንሶላም አላት። በቃልህ ያሰርኸውን በቃልህ ፍታው፤ ለሃነሊ ደውል። ካልደወልህ ግን ፊልሙ ጎዳና ለጎዳና ይሄዳል፤ በየሄደበትም «ወንድሟ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁኛል። የማላሳፍርህ እንዳይመስልህ።

ማማ ሰላም ብላሃለች፤ ፊልሙን ስታይ አለቀሰች፣ ከዚያ «ሉንጊሳ ሕፃን እያለም የሰው ምግብ ላይ ክዳን ይደፋ ነበር» አለች። ማምቶሎ ሰላም ብለውሃል፤ ራስ የሆነ ሰው ኮፍያውን ይዞ ይምጣና ጣሪያውን ይይ ብለዋል። ዞሌካ ሰላም አላለችህም። ማኩሉ ከተኛችበት ከኮረብታው ሥር ሳሩ ወጥቷል፤ እሑድ እሑድ የምታጭደው ማን እንደሆነች ታውቃለህ። ማኮቲህ ኖላንጋ፣ ይህን ሁሉ ካነበብኩላት በኋላ፣ «በጤና ኑርልን በይው» ብላሃለች። እሷ ካንተም ከእኔም የተሻለች ስለሆነች ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ግን ባባልዋን ጓደኛ የሚል አፍ አልቀበልም፤ በፊልም ላይ፣ በስልክ፣ በሠርግህም ድንኳን ውስጥ ቢሆን። በስሟ ጥራት፤ እሷ የአያትህን ስም ከአፏ የጠበቀችውን ያህል አንተ የእሷን በአፍህ መያዝ ካቃተህ በዚህ ቤት የምታውቀው ሰው የለህም።

እህትህ ንዋቢሳ

ምዳንትሳኔ፣ ማርች 9 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.