ባዶ ክፍል ውስጥ ሞክሪው

ኅዳር 4፣ ሰኞ

የትዳር ዓምዴን አስረከብኩ። የዚህ ሳምንቱ፣ ሠርግ ላይ ተጠርተው፣ በልተው፣ ጠጥተው፣ አኩርፈው ስለሚሄዱ ዘመዶች ነው። የመጽሔቱ አዘጋጅ ሳቀ። ደህና ቀን ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ታላቅ እህቴ ቤት፣ እትዬ ጋ፣ ጎራ አልኩ። ደረጃው ላይ ሆኜ የሹራብ ማሽኗን ድምፅ ጠበቅኩ… ጭጭ። እሷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ አንድ እጅጌ በእጇ ትሠራለች። በመርፌ!

«ኮምፒውተሩና ማሽኑ ተኳረፉ» አለችኝ።

«ምን አደረግሽው?»

«እኔ ምን አደርገዋለሁ? ላሻሽል ወይ ብሎ ጠየቀኝ፣ አዎ አልኩት። ሰው ሲጠየቅ ዝም ይላል እንዴ?»

ጥለቱን ከኮምፒውተሩ ወደ ማሽኑ የምትልከው ትንሽዬ ፕሮግራም ድራሿ ጠፍቷል። ያለሷ ማሽኑ ተራ ብረት ነው። እትዬም እንደ ብረት ልትሸጠው ነው፤ አሮጌ ዕቃ ገዢው ቅዳሜ ይመጣል። ልጆቿን ያሳደገችበትን ማሽን! «ይሂድ፣ ቦታ ይለቃል» አለች። እንዲህ ስትል ግን ወደ ማሽኑ አላየችም።

ኅዳር 5

አለች! ፕሮግራሟ አለች!

በጎ ፈቃደኞች በትርፍ ጊዜያቸው፣ ያለ ክፍያ የሚያስተዳድሩት የፕሮግራም ማከማቻ አለ። እዚያ የሚቀመጠው ራሱ ፕሮግራሙ አይደለም፣ አሠራሩ ነው… ከየት እንደሚመጣ፣ ምን ምን እንደሚፈልግ፣ እንዴት እንደሚገጣጠም። ሁሉም በአንዲት ፋይል። ፓኬጅ ይሏታል። የእኛይቱን ይጠብቅ የነበረው ሰው ጥሏት ሄዷል፣ አርጅታለች። ለምን ጣላት? አገባ? ተፋታ? (አይ የኔ ነገር…) ከሥር የማላውቃቸው ሰዎች «እባካችሁ አንድ ሰው ይድረስላት» እያሉ ጽፈዋል። ከጎን ደግሞ አንዲት ቁልፍ፦ «ልረከብ»።

ተጫንኳት። ልቤ!

ኅዳር 6

ቁርስ የለ፣ ምሳ የለ። ፋይሏ የእፍኝ ያህል ናት፣ እኔን ግን አላበችኝ። አንዲት ቅንፍ ሳልዘጋ ግማሽ ቀን ሄደ። ባሌ በሩ ላይ ቆሞ፣

«ዛሬ ደግሞ የማን ትዳር ነው የሚፈርሰው?»

«ያንተ፣ ዝም ካላልክ።»

ከሰዓት በኋላ የእኔ ኮምፒውተር ላይ ተጫነች። ተከፈተችም! ማከማቻው ላይ አወጣኋት። ስሜ ከጎኗ ተጽፏል። ስንት ዓመት ስሜን መጽሔት ላይ አየሁት፣ እንዲህ ግን ዘልዬ አላውቅም።

ኅዳር 7

«አይሠራም።»

በቃ፣ ይሄው ነው። ከፓኬጇ ሥር የጻፈው ራሱን «ጃርት» ብሎ የሚጠራ ሰው ነው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። እኔም መለስኩ፦ «እኔ ጋ ይሠራል!»

እሱ፦ «ያንቺ ኮምፒውተር ምስክር አይሆንም። ባዶ ክፍል ውስጥ ሞክሪው።»

የምን ክፍል? ኮምፒውተር ውስጥ ደግሞ ክፍል አለ? መቼም ይሄ ብቻውን የሚኖር፣ ጎረቤት የሚፈራው ሽማግሌ ነው። ወገቡን የሚያመው። አኮረፍኩ… ልክ እንደ ሠርጉ ዘመዶች።

ኅዳር 8

ጃርትን ላሳፍረው እትዬ ቤት ሄድኩ። ኮምፒውተሯ ላይ ጫንኩ… እምቢ! ፊቴ ጋለ። እኔ ጋ የሚሠራው እሷ ጋ አይሠራም። ነገ ደግሞ ቅዳሜ ነው።

ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አየሁ። ለካ ኮምፒውተሩ ከማሽኑ ጋር በገመድ የሚያወራበት ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ያስፈልጋል። እኔ ጋ ከድሮ ጀምሮ አለ፣ ለፕሪንተሬ ብዬ የጫንኩት። ስላለኝ አልታየኝም። ፋይሏ ላይ «ይሄም ያስፈልጋል» ብዬ አልጻፍኩም። ባዶ ክፍል ማለት ለካ ይሄ ነው… ምንም ያልተጫነበት ኮምፒውተር አስመስሎ መሞከር! እኔ ቤት ያለው ሁሉ ሰው ሁሉ ቤት ያለ መስሎኝ…

ለእትዬ ነገርኳት።

«ድሮም እንግዳ ጠርተሽ ወንበር የምትረሺ ነሽ» አለች።

አንዲት ቃል ጨመርኩ። አንዲት! እንደገና ጫንኩ። እትዬ ገመዱን ሰካች፣ እጀታውን ገፋች። ሸርተት… መርፌዎቹ እየተመረጡ ብቅ ብቅ አሉ። ጥለቱ ወጣ! ጮህኩ። እሷ ጀርባዬን ቸብ አድርጋ፣

«ምን ይገትርሻል? ክር አቀብዪኝ!»

ኅዳር 9፣ ቅዳሜ

ገዢው ጋሪ እየገፋ መጣ።

«ይቅርታ ወንድሜ፣ ሥራ ይዣለሁ» አለችው እትዬ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

«እንዴ፣ እትዬ! ቃል ሰጥተውኝ!» እውነቱን ነው። ግን እየተቆጣ ዓይኑ ጥለቱ ላይ ቀረ። ቆይቶ፣ «የሴት ልጅ ኮፍያስ ይሠራል?» አለ። ለድካሙ ካሳ ትሁነው ብላ አንድ ልትሠራለት ተስማሙ።

ኅዳር 10

ያረምኳትን ፓኬጅ ማከማቻው ላይ አውጥቼ ነበር። ከጃርት፦ «ሠራ። ተባረኪ።» ፎቶም አለ፣ ግማሹ ብቻ የተሠራ የሕፃን ሹራብ። «እርጉዝ ሆኜ የጀመርኩት ነው። ልጄ አሁን ትሮጣለች። ለአሻንጉሊቷ ይሆናል።»

እናት ናት! ሽማግሌዬ የት ገባ? ወገቡስ? ብቻዬን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ይህቺ ሴት ያን ሁሉ ጊዜ ስትጠብቅ ኖራ፣ እኔ አኩርፌባት…

ኅዳር 25፣ ሰኞ

አንድ አዲስ ገቢ ሰው ማከማቻው ላይ የጥልፍ ፕሮግራም ፓኬጅ አውጥቷል። ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም፣ ከጃርት ወዲህ መገመት ትቻለሁ። ባዶ ክፍሌ ውስጥ ሞከርኩት። «አይሠራም» ብዬ ጻፍኩ። አየሁት። አጠፋሁት። «እንኳን ደህና መጡ። እርስዎ ጋ እንደሚሠራ አምናለሁ። አንዲት ወንበር ተረስታለች፣ እኔም ረስቼ አውቃለሁ። ይቺውልዎ…»

ልክ ስልከው እትዬ ደወለች። ከጀርባዋ የማሽኑ ድምፅ ይሰማል።

«ይሄ ኮምፒውተር ደግሞ ላሻሽል ወይ እያለ ነው። ምን ልበለው?»

ድሮ ቢሆን «እንዳትነኪው!» ነበር የምላት። የእኛይቱን ፓኬጅ ለአዲሱ ማሻሻያ አስተካክዬ ትናንት ሞክሬያታለሁ። ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ደጋግሜ። ቢሆንም ልቤ…

«አዎ በዪው» አልኳት።

ስልኩን ሳንዘጋ ጠበቅን። ማሽኑ ዝም አለ። ዝም… ዝም… ከዚያ ሸርተት። ሸርተት።

«ይሄው፣ ይሠራል» አለች እትዬ። «በይ ዝጊ፣ ሥራ አታስፈቺኝ።»