«በአርባ ነበር የምነዳው»

ኅዳር 3
ለዘጠነኛ ክፍሎች የፍጥነትና የጊዜ ግራፍ። ከመስመሩ በታች ያለው ስፋት የተሄደው ርቀት ነው አልኳቸው... ሦስቴ። ግማሹ ያዛጋል። አስተማሪያቸው ባልሆን እኔም አዛጋ ነበር።

ኅዳር 6
ወንድሜ ሚስባህ ውርጌሳ ላይ በሚኒባሱ ሰው ገጨ። ታደለች ትባላለች፤ መርሳ ከተማ ጋራዥ ያላቸው የአቶ ተፈራ ሚስት። ሆስፒታል ሳትደርስ አረፈች። ሚስባህን ፖሊስ ይዞታል። እናቴ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

ኅዳር 8
ጣቢያ ምሳ ወሰድኩለት። አልበላም።
«ወላሂ ናጅዋ፣ በአርባ ነበር የምነዳው። ድንገት ገባችብኝ።»
አመንኩት። ወንድሜ አይደል?
እሑድ ሽማግሌ ይቀመጣል። እናቴ «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አስረጃቸው» አለችኝ። ግራፍ ሥዬ አሳያቸዋለሁ አልኩ... ጉረኛ።

ኅዳር 9
ሜትር ይዤ ውርጌሳ ሄድኩ። የፍሬኑ ምልክት አስፋልቱ ላይ እንዳለ ነው። አርባ አምስት ሜትር። ደግሜ ለካሁ፣ ያው። ያዩ ሰዎች እንዳሳዩኝ፣ የገጫት ምልክቱ ሊያልቅ ሲል ነው።
ቤት ገብቼ ሣልኩ። መስመሩ ወርዶ ዜሮ ላይ ያርፋል፤ ከሥሩ ያለው ሦስት ማዕዘን ስፋቱ አርባ አምስት መሆን አለበት። በአርባ የሚነዳ ሰው ዐሥር ሜትር ገደማ ላይ ቆሟል። ጎማው አልቆ ቢሆንስ? አስፋልቱ አንሸራቶት ቢሆንስ? ሁሉን ለሱ አድልቼ ሞከርኩ... ከሰማንያ አልወርድ አለኝ።
በአላህ ስም ምሎ ዋሸኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ምነው ባይጠራ።

ኅዳር 10
ለእናቴ ነገርኳት።
«የሞተችው አትመለስም። እሱን ደግሞ በአፍሽ ልትቀብሪብኝ ነው?»
ዝም እላለሁ አልኳት።

ኅዳር 11
የኛ ሼኽና የነሱ ቄስ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እኔ ጥግ ያዝኩ። አቶ ተፈራ ግን ወደኔ ዞሩ።
«መምህርት፣ በአርባ ነበር ይላል። እውነት በአርባ ከነበረ ዕጣዋ ነው ብዬ እታረቃለሁ። አንቺ ታውቂያለሽ፣ ንገሪኝ።»
እናቴ ታየኛለች። አላየኋትም።
«በአርባ አልነበረም» አልኳቸው። «ቢሆን ኖሮ ባለቤትዎ አጠገብ ሳይደርስ ይቆም ነበር።»
«ሳይደርስ...» አሉ። ተነስተው ወጡ። ዕርቁ እዚያው ፈረሰ።

ኅዳር 24
ሚስባህ ተከሰሰ። አቶ ተፈራን መንገድ ላይ አገኘኋቸው፤ አመሰገኑኝ እንዳልል ፊታቸውን አዞሩ። ዕጣዋ ነው ብለው ሊጽናኑ ነበር... እሱንም ነው የወሰድኩባቸው። ያም ሆኖ ዛሬም ቢጠይቁኝ ሌላ መልስ የለኝም።
ጣቢያ ሄድኩ። ሚስባህ አልወጣም። «እህት የለኝም በላት» ብሎ በጠባቂው ላከብኝ። ምሳውን ይዤ ተመለስኩ። እናቴ ሳታናግረኝ ሳህኑን ከእጄ ወሰደች፤ አጥባ፣ ሌላ ምግብ አድርጋበት ራሷ ሄደች።