ያለ በሬ ስለሄደው የበሬ ነጋዴ ለግራዝማች ኃይለመለኮት የቀረበ ምስጋና

ልደታ፣ አዲስ አበባ
መጋቢት ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ለተከበሩ ግራዝማች ኃይለመለኮት፣ የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሹም፤
እንዲሁም ከእርስዎ ዝቅ ብለው ለሚቀመጡት፣ ከእርስዎ ቀድመውም አስበው ለማያውቁት ለሰፈራችን ሽማግሌዎች፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ እጅ እነሣለሁ። ጤናዎን የምጠይቀው ለደብዳቤ ወግ ብቻ አይደለም፤ ከልቤ ነው። ሰሞኑን ካፖርትዎ ከእርስዎ ሰፍቶ፣ ቀበቶዎም አዲስ ቀዳዳ ተበጅቶለት አይቻለሁ። ወደ ግቢዎ የሚገባው የውሃ እንስራም በዝቷል። ሰው ግን ክፉ ነው፤ “ጌቶቻቸው ጣልያኖች ጓዛቸውን እየጫኑ ስለሆነ ሐሳብ ነው ያከሳቸው” ይላል። እኔ ሌላ ነገር ጠርጥሬአለሁ። እሱን በመጨረሻ ስለማነሣው እስከዚያው ውሃዎን እየጠጡ ያዳምጡኝ።

ይህን ደብዳቤ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በር ላይ የለጠፍኩት ደጅዎ ድረስ መምጣት ከብዶኝ አይደለም። ባለፈው ኅዳር መጥቼ “ነገ ተመለሺ” ብለውኛል፤ ነገ ደግሞ ለሁሉም ሰው እንደማይመጣ ያን ጊዜ ተማርኩ። ማንበብ ለማይችሉት ሽማግሌዎች ዲያቆኑ ያነብላቸዋል፤ የሚችሉት እንደ ልማዳቸው ያላዩ ይምሰሉ። ልጅ በሽማግሌ ፊት አፉን አይከፍትም መባሉንም አውቃለሁ። አልከፈትኩም፤ ጽፌ ነው።

እኔ ማናለብሽ ነኝ፣ የበሬ ነጋዴው የሙለታ ልጅ። አባቴን የሚያውቅ ሁሉ መጀመሪያ የሚያውቀው ሥጋውን ነበር። ሰንጋ ተራ ላይ ከበሬ ጎን ሲቆም ገዢ “የሚሸጠው የትኛው ነው?” ብሎ ይጠይቃል እየተባለ ይቀለድበት ነበር፤ ቀልዱን የጀመረውም ራሱ ነው። ከጦርነቱ በፊት ባንድ ክረምት ግን ውሃ አላረካው አለ። ሌሊቱን ሙሉ ሲወጣና ሲገባ ያድራል፤ ማለዳ ስናይ ከጓሮው አጥር ሥር ሽንቱ ባረፈበት ላይ ጉንዳን ይሰለፋል። እናቴ ወለተሰንበት ድግምት ነው ብላ አለቀሰች። ፈረንጁ ሐኪም ደግሞ ስኳር ነው አለና ሦስት ነገር አዘዘው፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን የሚባል መድኃኒት በመርፌ እንዲወጋ፣ በየቀኑ በእግሩ እንዲሄድ፣ ስቡንም እንዲያራግፍ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያደልብ የኖረ ሰው ራሱን እንዲያከሳ ታዘዘ።

አባቴም ታዘዘ። መርፌውን የምቀቅል እኔ፣ የምወጋም እኔ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ “ጨረስሽ?” የምትል እናቴ ነበረች። የመድኃኒቱን ጠርሙስ ሙቀት እንዳይነካው እርጥብ አሸዋ በተሞላ ገንቦ ውስጥ ቀብረን እናስቀምጠው ነበር። ሐኪሙ የሰጠን ሰማያዊ ውሃም ነበር፤ ከአባቴ ሽንት ጠብታ ጨምሬበት እሳት ላይ አፈላዋለሁ። ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ደስታ ነው፤ ስኳሩ ከበዛ ግን እንደ ሸክላ ይቀላል። መርፌውን ተወግቶ ምሳ ከዘገየበት ደግሞ ላብ ያጠምቀውና ይንቀጠቀጣል፤ ያን ጊዜ ከመቀነቱ ጫፍ የቋጠራትን ስኳር ይቅማል። ስኳር የታመመው ሰው በስኳር ሲድን ማየት ለእኔም አስቸግሮኝ ስለነበር፣ ለእናንተ ባለመግባቱ አልፈርድም። በዚህ ዓይነት ከዓመት ወደ ዓመት ከሳ፣ ቀለለ፤ አንድ ቀን አልጋው ላይ ተቀምጦ የገዛ እግሩን ጣቶች አየና “እነዚህ የኔ ናቸው? ስንት ዘመኔ ካየኋቸው!” ብሎ ሳቀ። ጠላት ከተማውን ከያዘ በኋላም አራዳ ያለው አርመን መድኃኒት ሻጭ እየፈለገ ያመጣለት ነበር። አባቴ ይኖር ነበር ማለቴ ነው፤ በብዙ ልፋት ይኖር ነበር። ከእንግዲህ ወዲያ ያለው የእናንተ ውለታ ስለሆነ በተራ ቁጥር አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ጉርሻዎ አመሰግናለሁ። በልደታ ማኅበር አባቴ በቃኝ ባለ ቁጥር የእርስዎ እጅ አፉ ላይ ነበረች። “በሞቴ! እኔ ልሙት! ይቺን ብቻ!” ይሉ ነበር፤ እሱም ሰው አክባሪ ነውና አፉን ይከፍታል። ከማኅበር ማግስት ሰማያዊው ውሃ ሁልጊዜ ሸክላ ነበር። ግራዝማች፣ ያን ሁሉ ጊዜ የማሉት በእርስዎ ሞት ነበር፤ ሞቱ ሲመጣ ግን እሱ ጋ ሄደ። ስሕተቱ የማን እንደሆነ አላውቅም፤ መልአኩ ቤት ተሳስቶ ይሆናል።

ሁለተኛ፤ ሲከሳ ስላዘናችሁለት አመሰግናለሁ። ሽማግሌዎች ተሰብስባችሁ መጥታችሁ እናቴን “ምነው ሴትዮ፣ ምግብ ከለከልሽው እንዴ? ባልሽ እኮ አለቀ!” አላችኋት፤ ከመካከላችሁም አንዱ ጎኑን ዳበሰው። ጥርሱን ገልጣችሁ ባለማየታችሁ እስከ ዛሬ ውለታችሁ አለብን። እሱ ግን ስትወጡ ጠብቆ “ልጄ፣ ዋጋዬ ወርዷልና እስክደልብ አትሽጪኝ” ብሎኝ ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ ጥበባችሁ አመሰግናለሁ። አባቴ በየማለዳው ከቤታችን ተነሥቶ ልደታን ተሳልሞ ሰንጋ ተራ ይደርስና ባዶ እጁን ይመለሳል። ይህን ባያችሁ ጊዜ እርስዎ ቤት ቁጭ ብላችሁ መረመራችሁ፤ የሚሸጥ ቢሆን ሲሄድ በሬ ይነዳ ነበር፤ የገዛ ቢሆን ሲመለስ በሬ ይነዳ ነበር፤ ሲሄድም ሲመለስም በፊቱ በሬ የሌለ የበሬ ነጋዴ ምን ይነዳል? ወሬ ይነዳል! ለአርበኞች መልእክት ያመላልሳል ማለት ነው። ሰው ለመዳን ብቻ ብሎ በእግሩ ይሄዳል የሚል ሐሳብ ከመካከላችሁ ለአንዱም አልመጣም፤ ቢመጣም ከእርስዎ ቀድሞ ለመናገር ማን ይደፍራል?

የጣልያን ፖሊሶች፣ ካራቢኜሪዎቹ፣ ከእርስዎ ጋር መጡ። ቤቱን ሲፈትሹ ከገንቦው አሸዋ ውስጥ ጠርሙሶቹን፣ ከሳጥን ውስጥ መርፌውን አወጡ። ለእርስዎ ሰጧቸው፤ እርስዎም አሸተቱ። መድኃኒቱ ይከረፋል፣ እውነት ነው። “መርዝ ነው” አሉ። አንድ ጊዜ ብቻ አሽትቶ እንዲህ በእርግጠኝነት የሚናገር ሐኪም ከፈረንጅ አገርም አልመጣልንም። አባቴን እነሱ ወሰዱት፤ ጠርሙሶቹን ለማስረጃ ብለው እርስዎ ወሰዷቸው።

ለቀጣዩ ቁጥር ልሰጠው ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ያለ ቁጥር ይቀመጥ።

በማግሥቱ ደጅዎ መጣሁ። ባሕሩ በጦርነት ከተዘጋ ወዲህ አርመኑ ሌላ አልነበረውም፤ ያለው እርስዎ ቤት ያለው ብቻ ነበር። የለመንኩዎ አንድ ጠርሙስና አንድ ቃል ነው፤ “መድኃኒት ነው” የምትል ቃል። ሽማግሌዎቹ ዙሪያዎን ተቀምጠው ነበር። እርስዎም በትዕግሥት አስረዱኝ፤ “ልጄ፣ በሽተኛ ቢሆን ይተኛ ነበር። በሽተኛ በማለዳ ተነሥቶ አገር አያካልልም።” ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ “ነገ ተመለሺ” አሉኝ። ነገም መጣሁ፤ ከነገ ወዲያም መጣሁ።

የእስር ቤቱ ዘበኛ ከእርስዎ የከፋ ሰው አልነበረም፤ በአጥሩ ቀዳዳ እንዳየው ፈቀደልኝ። አባቴ ከቀዳዳው አጠገብ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ትንፋሹ እንደ በሰበሰ ፍሬ ይሸታል። ውሃ ጠየቀኝ፤ የያዝኩትን ጠጥቶ ጨረሰው። ከዚያ ዐይኑን ከፈት አድርጎ “ማኔ፣ ሰማያዊ ነው?” አለኝ። “ሰማያዊ ነው አባዬ” አልኩት። ያን ቀን እሳት ላይ የጣድኩት ነገር አልነበረም። “ጎበዝ” ብሎ ዐይኑን ከደነ። ከዚያ በኋላ የሰጡን ሬሳውን ነው።

ስለ ቀብሩም ምስጋና ይገባዎታል። ከፊት ነበሩ፤ ንፍሮውንም ቀምሰዋል፤ “እንዴት ያለ ደግ ሰው! ምን ነካው?” ብለው እናቴን አጽናንተዋል። ቃሬዛውን የያዙትም ቀላል ነው ተባባሉ፤ ሐኪሙ ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ነበር። ከጠመንጃ ያዥ እስከ ልደታ፣ አባቴ በየማለዳው በሄደበት መንገድ፣ ያን ቀን ሁላችሁም በእግራችሁ ሄዳችሁ። በፊታችሁ አንድም በሬ አልነበረም። ማንም “ወዴት ነው?” አላላችሁም።

ይህን ሁሉ ዋጥ አድርጌ እቀመጥ ነበር። አሁን ግን አርበኞቹ ሊገቡ ነው ከተባለ ወዲህ በየጠላ ቤቱ አዲስ ወሬ እየሰማሁ ነው፤ ሙለታ የውስጥ አርበኛ ነበር፣ ግራዝማችም የምስጢር ጓደኛው ነበሩ፣ ጠርሙሶቹንም ከጠላት ዐይን የሸሸጉለት እሳቸው ናቸው ይባላል። ጠርሙሶቹን እያወጡ ለምስክር ያሳያሉም አሉ። ግራዝማች፣ አባቴ አርበኛ ቢሆን ኖሮ ኩራቱ ለእኔ በበቃኝ ነበር። አልነበረም። ከአልጋው ተነሥቶ ሰንጋ ተራ ደርሶ የሚመለስ፣ ልጁንና ሚስቱን ለማየት የሚከሳ በሽተኛ ነበር። ለእኔ ይህም ጀግንነት ነው። ሕይወቱን ወስዳችሁበታል፤ በሽታውን እንኳ ተዉለት።

ስለዚህ የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ለሚያዝያ ልደታ ማኅበርተኛው ሲሰበሰብ፣ አባቴ ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ አጠገብ ቆመው “ሙለታ ታሞ ነበር፤ ይሄድ የነበረውም ሊድን ነው” ይበሉ። እናቴ ትሰማዎታለች። ያን ዕለት ኅዳር ላይ የለመንኩዎ ቃል ነው፤ አሁን ማንንም ስለማያድን ለመናገር አይከብድዎትም ብዬ ነው።

ጉርሻዎን፣ አፍንጫዎንና ምክርዎን ዘወትር የማልረሳ፣ እንደ ልማዴም ደጅዎን ለመጥናት ዝግጁ የሆንኩ፤

የሙለታ ልጅ ማናለብሽ

ተጨማሪ ማስታወሻ፤ በመጨረሻ አነሣዋለሁ ያልኩት ነገር ይኸውልዎ። ማለዳ በጓሮዎ በኩል ሳልፍ ከአጥርዎ ሥር፣ በሌሊት በሚቆሙበት ቦታ፣ ጉንዳን ተሰልፎ አየሁ። ሐሳብ ጉንዳን አይጠራም፤ እኔ አውቀዋለሁ። በየጠላ ቤቱ የሚያሳዩት ጠርሙስ መድኃኒትዎ በሆነ ነበር፤ ነገር ግን ይህን ያህል ወር ምድጃ አጠገብ ካስቀመጡት፣ ወደ ብርሃን ይዘው ነጭ ብናኝ ካዩበት፣ እሱም ሞቷል። ሰማያዊ ውሃ ጥቂት ተርፎኛል፤ ይምጡና ላፍላልዎ፤ ነገ ይመለሱ አልልዎትም። ከሐኪሙ ትእዛዝ የሚተርፍልዎ ጉርሻ መቀነስና በማለዳ በእግር መሄድ ነው። የአባቴን መንገድ ይያዙ፣ ደህና መንገድ ነው። ብቻ አደራዎን፣ ሽማግሌዎቹ እርስዎ ያስተማሯቸው ናቸውና፣ በፊትዎ አንድ በሬ ይንዱ።