የሦስተኛው ምልክት ቦታ

ይድረስ ለምሳሳልሽ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ደረጃ በወጣሽ ቁጥር ወይኔ እያልሽ ሰፈሩን ታስደነግጪያለሽ? አባባ እንዴት ነው? እማዬስ፣ የደም ግፊቷ ረገብ አለላት? ባለቤትሽና ልጆችሽ ሁሉ ደኅና ናቸው ወይ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር አካሌ ደኅና ነው፤ ሥራም አለኝ፣ የምተኛበትም አለኝ። እስከዚህ ድረስ ያለውን ጮክ ብለሽ ለሁሉም አንብቢላቸው። ከዚህ በታች ያለውን ግን ጓዳ ገብተሽ ለብቻሽ ነው የምታነቢው። እማዬ ምን አለች ብላ ከጠየቀችሽ ስለ ሥራዋ ነው የጻፈችው በያት፤ ውሸት አይሆንብሽም።

እታለም፣ ፈርቻለሁ። ይህችን ስጽፍልሽ በሩን ቆልፌ፣ መቆለፊያውንም አላምነው ብዬ አልጋዬን ጎትቼ አስደግፌበት ነው። ታች ሰው ባሳለ ቁጥር እስክሪብቶዬ ይቆማል። ያ ሰው፣ ባሌ የነበረው፣ ያለሁበትን አወቀ። እንዴት እንዳወቀ ብነግርሽ ደግሞ የማንም ጥፋት ሆኖ አታገኚውም፤ የጠቆመብኝ የገዛ እጄ ነው።

ነገሩ እንዲገባሽ የምሠራበትን ቤት ልንገርሽ። የወጥ ቤት ቢላ የሚሠራበት ነው፤ ከታች ምድጃውና ማሽኑ፣ ከላይ የእኔ ክፍል። ሦስት ነን። አንደኛው ቀጥቃጩ ሽማግሌ ናቸው፤ በሆዴ ነጎድጓድ እላቸዋለሁ። ዕድሜ ልካቸውን መዶሻ ሲመቱ ጆሯቸው ስላለቀ፣ ደኅና አደርሽ ሲሉኝ እንኳ የሚቆጡኝ ነው የሚመስለው። ብረቱን ከእሳት አውጥተው ቅርጽ ያስይዙታል። ከሳቸው ስለት የምታወጣው ሴትዮ ትቀበላለች፤ ደንዳና ናት፣ ምላሷም እንደ ሥራዋ ነው። በመጨረሻ ወደ እኔ ይመጣል። እንጨቱን ጠርቤ፣ በሞርሳ አስሬ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ እጀታ አገባበታለሁ። አባባ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ሲጠርብ አጠገቡ እየተጎለትኩ የሰረቅኩት ሙያ እንጀራ ሆነኝ ማለት ነው።

ሽማግሌው በወጣትነታቸው ሌላ ቤት ሲሠሩ ኖረው፣ የቀጠቀጡት ቢላ ሁሉ በባለቤቱ ስም ብቻ ሲሸጥ አንጀታቸው አርሮ ነው የወጡት። ስለዚህ የዚህ ቤት ሕግ አንድ ነው፤ የሠሩት ሰዎች ምልክት ያልተመታበት ቢላ ከበሩ አይወጣም። ብረቱ ላይ፣ እጀታው አጠገብ፣ ሦስት ምልክት ጎን ለጎን ይመታል። የሳቸው ግማሽ ጨረቃ ናት፣ የሴትዮዋ ዓሣ። ሥራ የገባሁ ጊዜ ያንቺስ ምን ይሁን ብለው ጮኹብኝ። ምንም አይሁን አልኳቸው። ዓይን አፋር መስያቸው ሳቁ። ምን ብዬ ልንገራቸው? ያ ሰው የሆቴል ምግብ አብሳይ ነው፤ የእኛን ቢላ የሚገዛውም ምግብ አብሳይ ነው። ስሜን ብረት ላይ አስመትቼ በየወጥ ቤቱ ልበትነው? እንኳን ብረት ላይ፣ ለእነሱም በአፌ አልነገርኳቸውም፤ የሚጠሩኝ እዚህ ስመጣ ለራሴ ባወጣሁት የውሸት ስም ነበር።

ሽማግሌው ግን እልኸኛ ናቸው። ሁለቱን ምልክት እየመቱ የሦስተኛውን ቦታ ባዶ ይተዉታል፤ ስትፈልጊ እንሞላዋለን አሉኝ። ጉዱ የመጣው እዚያ ላይ ነው። ገዢዎች ቢላውን ሲያገላብጡ፣ የወለቀ ጥርስ የመሰለችውን ባዶ ቦታ እያዩ፣ ይህን እጀታ ማን ሠራው ማለት ጀመሩ። እጀታው ለእጅ ይመቻል የሚል ወሬ ወጣ፤ ስም የለሿ የሠራችውን አምጡልን የሚል ደንበኛም መጣ። አየሽልኝ? ብደበቅ ብደበቅ መደበቄ አስወራብኝ። ያኔ ይህን ሲነግሩኝ ከት ብዬ ስቄ ነበር፤ ፎቅ ወጥቼ ደግሞ አለቀስኩ።

ይህም ቢሆን ባልጎዳኝ ነበር። የጎዳኝ ከአባባ የወረስኩት ነው። አባባ የመጥረቢያ ዛቢያም ይሁን የቢላ እጀታ ሲጠርብ፣ በጀርባው በኩል ከፍ ያለች ቀጭን ሸንተረር እንደሚተው ታውቂያለሽ፤ ሳታዪው እጅሽ ስለቱ ወዴት እንደዞረ እንዲያውቅ ብሎ ነው። እዚህ እንዲህ የሚሠራ ሰው አይቼ አላውቅም። የእኔም እጅ ከልጅነቴ የለመደው ያንን ስለሆነ፣ ሳላስበው እያንዳንዱ እጀታ ላይ ሸንተረሯን ስተው ኖሬያለሁ። ስሜን ከብረቱ ላይ አስቀርቼ አባባን እንጨቱ ላይ ቁጭ አደረግኩት! ከእኛ ቤት ሰው በቀር ይህን ሞኝነት ማን ይሠራዋል?

ከአገር ስንወጣ አባባ ለዚያ ሰው በእጁ የሠራውን ቢላ እንደሸለመው ትዝ ይልሻል። ሳምንት አልቆየም፤ ጣቴን ቆረቆረኝ ብሎ ሸንተረሯን ከፊት በኩል፣ ጥፍር በምታህል ልክ፣ ፋቃት። ግራኝ ስለሆነ የፋቀው ወደ ግራ አዝምሞ ነው። አባትሽ ቢላ መሥራት አይችልም ብሎ የሳቀው ሳቅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ባለፈው ሰሞን፣ ከየከተማው የደነዘዘ ቢላ እየሰበሰበ የሚያመጣልን ሹፌር መጣ። ሳቂታ ሰው ነው፣ ወሬ አያልቅበትም። ከአንድ ሆቴል የመጣውን ጥቅል ከፈትኩና እጀታው ላላ ያለውን አንስቼ ጨበጥኩት። ዓይኔ ገና ሳያየው እጄ አወቀው። ቢላው የእኛው ቤት፣ እጀታውም የእኔው ሥራ ነው፤ ሸንተረሯ ግን ልክ እንደ አባባ ስጦታ ከፊት በኩል፣ በጥፍር ልክ፣ ወደ ግራ አዝምማ ተፍቃለች። አውራ ጣቱ የሚያርፍበት ቦታ እንጨቱ ጠቁሯል። ያንን አውራ ጣት አውቀዋለሁ፤ አንገቴ ላይ የት እንደሚያርፍም አውቀዋለሁ። ቢላው ከእጄ አምልጦ የእግሬን ጣት ለጥቂት ሳተው፤ ሴትዮዋ ጣትሽን ቆርጠሽ ለማን ልትሸጪው ነው ብላ ጮኸችብኝ።

ሹፌሩ ደግሞ አልጨረሰም። የዚህ ቢላ ባለቤት እጀታውን ማን እንደሠራው አጥብቆ ጠየቀኝ፤ እኔም ካንተ አገር ሳትሆን አትቀርም፣ እጇ የተባረከ ሴት ናት፣ የምትኖረውም እዚያው ከቢላ ቤቱ በላይ ነው ብዬ አሞገስኩሽ አለኝ። ምስጋና ያመጣልኝ መስሎት እኮ ነው። ሰውዬውስ ምን አለህ ስለው፣ እጀታውን ሲያሻሽ ቆየና ሰላም በልልኝ አለ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ኑሮ ብዬ አልነግርሽም። መጋረጃዬን ዘግቼ በስንጥቁ መንገዱን ሳይ እውላለሁ። በግራ እጁ ቦርሳ ያንጠለጠለ ሁሉ እሱ ይመስለኛል። ዳቦ ልገዛ ወጥቼ፣ ከኋላዬ ኮቴ ስሰማ ዳቦው በአፍንጫዬ ይውጣ ብዬ እየሮጥኩ ተመልሻለሁ። በመጨረሻ ሻንጣዬን አሰርኩ። እንደገና ሌላ ከተማ፣ እንደገና ሌላ የውሸት ስም ሊሆን ነው ብዬ፣ ወስኜ ወረድኩ።

ሽማግሌውን በቀስታ ልሰናበታቸው አስቤ ነበር። ለሳቸው በቀስታ የሚባል ነገር የት አለ! ጠጋ ብዬ መሄዴ ነው አልኳቸው፤ ምን አሉኝ። ችግር ገጥሞኝ ነው አልኳቸው፤ መዶሻውን እንደያዙ ምን አልሽ አሉ። ለእማዬ ያልተነፈስኩትን፣ ለአንቺም በግማሹ ብቻ የነገርኩሽን ነገር በጩኸት ማውጣት ግድ ሆነብኝ። ባሌ ይመታኝ ነበር፣ አንቆ ሊገድለኝ ነበር፣ አምልጬው ነው የመጣሁት፣ አሁን አገኘኝ ብዬ ባለ በሌለ ኃይሌ ጮኽኩ። የመሳያው ማሽን ቆመ። ማዶ ያለው ጫማ ሰፊ ሳይቀር በሩ ላይ መጥቶ ተገተረ። ሽማግሌው መዶሻቸውን አስቀመጡና፣ እንደዚያ ዝግ ባለ ድምፅ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም፣ ተቀመጪ ልጄ አሉኝ።

ሴትዮዋ ግን ተቆጣች። ስምሽ ማን ነው አለችኝ። የሚጠሩኝን ስም ስነግራት፣ እሱን ተይው፣ እውነተኛውን ንገሪኝ፤ አንድ ነገር ብትሆኚ ማን ጠፋችብን ብለን ነው የምንጮኸው አለች። ይህ አነጋገሯ አንጀቴ ውስጥ ገባ። ለካ ስሜን የደበቅኩት ከሱ አልነበረም፤ እሱማ ያውቀዋል። የደበቅኩት ሊደርሱልኝ ከሚችሉ ሰዎች ነው። እማዬ ያወጣችልኝን ስም ነገርኳቸው። ሽማግሌው ምላሳቸው እየተያዘ ደጋግመው ሲያበላሹት፣ እንባዬ ሳይደርቅ ሳቄ መጣ።

ዕለቱኑ ይዘውኝ ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ። ሴትዮዋ ከእኔ አፍ እየነጠቀች ስትናገር፣ ሽማግሌው ደግሞ ፖሊሱን ምን አልክ እያሉ ሲያስጮኹት፣ ጣቢያው ውስጥ የእኔን ጉዳይ ያልሰማ ሰው አልቀረም። ቃሌን ተቀበሉኝ። እንዳይቀርብሽ በፍርድ ቤት ይታዘዛል፣ እስከዚያው ብቻሽን አትውጪ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሴትዮዋ ታች ማሽኑ አጠገብ ፍራሽ ዘርግታ ታድራለች። ስታንኮራፋ ጣሪያው ይነቃነቃል፤ ድምፅዋ ሲቋረጥ ነው የምባንነው።

ቢላውስ ምን ሆነ ትይኝ ይሆናል። ሴትዮዋ እሳት ውስጥ እንጨምረው አለች። ሽማግሌው የለም፣ የሰው ንብረት ነው፣ ይመለሳል አሉ። ግን ስለት አልወጣለትም። ሞረዳቸውን አነሱና ግማሽ ጨረቃቸውን ከብረቱ ላይ ፋቋት። ሞረዱን ለሴትዮዋ አቀበሏት፤ እሷም ዓሣዋን ፋቀች። እኔ ደግሞ የአባባ ሸንተረር ያለችበትን እጀታ ነቅዬ ምድጃው ውስጥ ጣልኩና ተራ እንጨት ሰካሁበት። ያለ ሠሪዎቹ ምልክት አንድም ቢላ አላስወጣ ያሉት ሰው፣ በዚያ እጅ ውስጥ ስማችን አይገኝም ብለው ባዶውን ጠቅልለው ሰደዱት። ሹፌሩ አንገቱን ደፍቶ ወሰደው። ምነው አፌን በቆረጠው እያለ እስከ ዛሬ ይቅርታ እንደጠየቀኝ ነው፤ እኔ ግን አልተቀየምኩትም።

አሁን ሦስተኛው ቦታ ተሞልቷል። ሥዕል ምረጪ ሲሉኝ እምቢ ብዬ ስሜን በፊደላችን ጽፌ ሰጠኋቸው። ሽማግሌው ማኅተሙን ሲቀርጹት የመጀመሪያውን ፊደል ገልብጠውት ኖሮ፣ የተወሰኑ ቢላዎች እኔን ዘቅዝቀው ይዘውኝ ሄደዋል። ይህን ስልሽ ግን ጀግና የሆንኩ እንዳይመስልሽ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር መጀመሪያ በመጋረጃው ስንጥቅ አያለሁ። አንዳንዴ የሰጠኋችሁን ስም መልሱልኝ ልበላቸው እላለሁ፤ ከአፌ ሳላወጣው እተወዋለሁ። ሊመጣ ይችላል እታለም። ወደ እናንተ ደውሎ ከሆነ ወይም እናቱ መጥታ ጠይቃሽ ከሆነ፣ ትደነግጣለች ብለሽ አትደብቂኝ። ያለውን ሁሉ ቃል በቃል ጻፊልኝ፤ ለፖሊስ የማሳየው ነው።

እንግዲህ አባባን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ እጀታዎችህ በሰው አገር ይወደዳሉ ብላለች በይው፣ ሌላውን አትንገሪው። እማዬን እቅፍ አድርገሽ ሳሚልኝ፤ መድኃኒቷን እንዳታቋርጥ። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ስለ እኔ ብሎ ከዚያ ሰው ወንድሞች ጋር እንዳይጣላ ለምኚው። ትልቋ ልጅሽ ትምህርቷን ትበርታ፣ ትንሹን ጉንጩን ንከሺልኝ። ጎረቤታችንን፣ ያቺን ወሬኛ አክስታችንንም ሳይቀር፣ ሁሉንም በየስማቸው ሰላም በይልኝ።

እስከ ዛሬ ደብዳቤ ስትልኪልኝ ፖስታው ላይ የምትጽፊው የጫማ ሰፊውን ስም ነበር፤ እሱ እየተቀበለ በእጄ ያደርስልኝ ነበር። ከእንግዲህ ለእኔ ላኪው። ከነአባባ ስም፣ ጎላ አድርገሽ ጻፊው።

ታናሽ እህትሽ

ከቢላ ቤቱ በላይ ካለችው ክፍሌ፣ የካቲት 19 ቀን