ከሁለቱ አንዷ ያንተ ናት

ወንድሜ፣

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዚህ በቀር በሌላ ጠርቼህ አላውቅም፤ ከፈቀድክልኝ ዛሬም በዚሁ ልጥራህ። እንዴት ነህ? ጉልበትህስ እንዴት ሰነበተ? ልጅህ ቤቷ ደረጃ እንደሌለው ስትነግረኝ ለጉልበትህ ስል ደስ ብሎኛል። የልጅ ልጅህ ይሄኔ ድክ ድክ ማለት ጀምራ ያገኘችውን ሁሉ እየጎተተች ይሆናል። ባለቤቴ እስከዚህ ሳምንት ድረስ «ምነው እንዲህ ጠፋ፣ ምን አስቀየምነው?» ስትል ነበር፤ ሰላምታዋን ትልክልሃለች። እኛ በጤናችን ደህና ነን። ሱቁም ደህና ነው።

የላክኸው ቤዝ ጊታር ማክሰኞ ረፋድ ላይ ደረሰ። መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ራሴ ተረከብኩት። ሱቅ ውስጥ ሳጥኑን ስከፍተው ክሮቹ መሀል የሻጥካትን ወረቀት አገኘሁ። «ለእኔ ከእንግዲህ እንጨት ነው። የሚሰማው ሰው ዘንድ ይኑር» ይላል። አንድ ደንበኛ አጠገቤ ቆሞ ስለ ጊታር ማንጠልጠያ ይጠይቀኝ ነበር። ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም። ወረቀቷን ደረት ኪሴ ከትቼ ሦስት ቀን ይዣት ዞርኩ።

ነገር ማንዛዛት አልችልበትም። ጆሮህ ምንም አልሆነም። የተለወጠው ቤዝህ ነው፤ የለወጥኩትም እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ ደብዳቤውን ቀደህ ብትጥለው አልቀየምም። ግን እባክህ እስከ ታች አንብበው። አብሮ የመጣውን ዕቃ ምን እንደምታደርገው የጻፍኩት መጨረሻው ላይ ነው።

የዕለት ማስታወሻ እንደምጽፍ ታውቃለህ። «ይሄ ሰውዬ ቢያስነጥስም ይመዘግባል» እያልክ ስንት ጊዜ አስቀህብኛል። ስለዚህ ቀኖቹን አልስትም። ነገሩ የጀመረው አዲሱን ቤዜን መጀመሪያ ወደ ቅዳሜው የቤዝ ማድመጫችን ያስገባሁ ዕለት ነው። ሁለት ዓመት ስፈልገው የኖርኩት፣ ማር የመሰለ ቀለም ያለው፣ ጭረት የሌለበት ቤዝ። ማንም ሳያየው ለሙዚቃ መምህርቷ በጓሮ በር አቀበልኳት። እሷም እንደ ወትሮው ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጣ ያችኑ አጭር ሐረግ በአምስት ቤዞች ላይ ተራ በተራ መታች። እኛም የማን እንደሆነ ሳናውቅ፣ ነጥብ የምንሰጥበትን ወረቀት ይዘን ሰማን። የእኔ ሲደርስ ምን እንዳልክ ታስታውሳለህ? አታስታውስም፤ አንተ እንዲህ ያለውን ነገር ተናግረህ ትረሳለህ። «ይሄ ቁም ሳጥን ነው፤ ያምራል፣ ሲከፍቱት ግን ባዶ ነው» አልክ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መጋረጃው ሲገለጥ ደግሞ ባሰ። ጥርስ ሐኪሙ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ለነገሩ እሱን አንተ ራስህ «ዘጠኝ ቤዝ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አንዱንም አይመታም፤ ዘጠኝ አግብቶ ከአንዷም ጋር አላወራም» ብለህ አዋርደኸው ስለነበር የእኔ ተራ ሲደርስ እፎይ አለ። ከዚያ ወዲያ ሱቅ በመጣ ቁጥር «ቁም ሳጥኑ እንዴት ነው? ልብስ ያዘ?» ማለት ሰላምታው ሆነ። አብሮን የሚሰማው ሹፌርም ከመንገድ ደውሎ እንኳ ስለ ቁም ሳጥኑ ይጠይቀኝ ነበር። አንተ የተናገርከው በክፋት አልነበረም፣ ይህን አውቃለሁ። የማን እንደሆነም አታውቅም ነበር። እኔ ግን ሁላችሁም ስለ ዕቃ የምትጠይቁኝ ሰው ነኝ፤ ዕቃ አያውቅም መባል ለእኔ ቀልድ አልሆነልኝም።

በዚያው ሰሞን ነው ቤዝህን ይዘህልኝ የመጣኸው። አንገቱ ጎብጧል፣ አንገቱ ላይ የተደረደሩት ብረቶች፣ ፍሬቶቹም፣ ተበልተዋል፤ ዐሥር ቀን ስጠኝ አልኩህ። አንድ ቤዝ ብቻ ያለህ ሰው ነህና ዐሥር ቀን ረጅም ነበር። «ሚስት ሐኪም ቤት አስተኝቶ የመሄድ ያህል ነው» ብለህ እጅህን ጀርባው ላይ አሳርፈህ ወጣህ። ሥራውን በደንብ ሠራሁልህ። አንገቱን አቀናሁ፣ ፍሬቶቹን ሞረድኩ፤ በዚያ የምታማኝ አይመስለኝም። ክሮቹን ፈትቼ ሆዱን ስከፍት ፒክአፗን አየኋት። መነጽርህን አጥተህ ልጅህ የምታነብልህ ከሆነ እንድትረዳው ያህል፣ ፒክአፕ ማለት ከክሮቹ ሥር ተቀምጣ ንዝረታቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው የምትልክ ማግኔት ናት። የቤዙ ጉሮሮ በላት። የዚያን ቀን ማስታወሻዬ አንድ መስመር ነው። «ረቡዕ። ለአንድ ቅዳሜ ብቻ።»

ነቀልኳትና ቁም ሳጥኑ ላይ ገጠምኳት።

ቅዳሜ መምህርቷ ሦስተኛ አድርጋ መታችው። አንተ ብርጭቆህን መሬት ላይ አስቀመጥክና ዓይንህን ጨፈንክ። ስትጨርስ «ድገሚልኝ እስቲ» አልካት፤ አንተ ድገሚ ብለህ አታውቅም ነበር። ከዚያ «ይሄኛው ያወራል። የኔ ቤዝ ታናሽ ወንድም በሉት» አልክ። መጋረጃው ተገለጠ። ጥርስ ሐኪሙ አፉን ከፍቶ ቀረ። አንተ ተነስተህ በሁለት እጅህ ትከሻዬን ይዘህ «እንኳን ደስ ያለህ፣ በስተመጨረሻ አገኘኸው» አልከኝ። ምን እንደተደረገለት ብትጠይቁኝ፣ ሽቦውን አስተካክዬ ነው አልኳችሁ።

ሰኞ እመልሳታለሁ ብዬ ነበር። ሰኞ ሰው በዛ። ማክሰኞ ጥርስ ሐኪሙ መጥቶ ከዘጠኙ የፈለግከውን ምረጥና እንለዋወጥ ብሎ ለመነኝ። ረቡዕ ከዕቃ ሳጥኔ ውስጥ ሌላ አሮጌ ፒክአፕ ፈለግሁ። በኤሌክትሪክ መለኪያዬ፣ በቴስተር፣ ለክቼ ለአንተዋ በጣም የምትቀርበውን መረጥኩ፣ አሮጌ ሽቦ ቀጠልኩባት። አውራ ጣትህ እያረፈበት ጠርዙ የተበላውን የአንተን ክዳን እላይዋ ላይ አልብሼ ቤዝህ ውስጥ ገጠምኳት። ብሎኖቹን እንኳ ከየቀዳዳቸው አላቀያየርኩም። አየህ፣ በድንገት የሆነ ነገር አይደለም። ሥራው ያምር ነበር።

ቤዝህን በወሰድክ በሦስተኛው ቀን ተመልሰህ መጣህ። ደንበኛ እስኪወጣ ጥግ ላይ ጠብቀህ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማብህ የፈራህ ይመስል ቀስ ብለህ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ነገር ደርቆብኛል፣ ወፍራሙ ክር አይናገርም» አልከኝ። ሰክቼ መታሁት። ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ። ምንም የጎደለ ነገር አይሰማኝም አልኩህ። ቀጥዬም፣ በእኛ ዕድሜ መጀመሪያ የሚሄደው ወፍራሙ ድምፅ ነው፣ ጆሮህን ታይ አልኩህ። ይህን ከማንም አልሰማሁትም። እዚያው ቆሜ የፈጠርኩት ነው። አንተም ለአፍታ ፊቴን አየህና አመንከኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቀዋለህ፤ ግን እኔም አይቼ ዝም እንዳልኩ እንድታውቅ እጽፈዋለሁ። ቅዳሜ ጥርስ ሐኪሙ «ዳኛው ደነቆረ» ሲል ከሁሉም ቀድመህ የሳቅኸው አንተ ነበርክ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ወረቀትህን ባዶውን አጥፈህ ኪስህ ከተትክ። ከባንድህ ጋር ሆቴል ስትጫወቱ በየዘፈኑ መሀል ወደ ከበሮ መቺው ዞር እያልክ «ቤዙ ይሰማል? ይሰማል?» ትለው እንደነበር ራሱ ከበሮ መቺው ነገረኝ። የጆሮ ሐኪሙ «ለዕድሜህ ደህና ነው» ቢልህ፣ አንተ «ለዕድሜህ» የሚለውን ይዘህ «ደህና ነው» የሚለውን እዚያው ጥለህ መጣህ። ማንም ውጣ ሳይልህ ከባንዱ ወጣህ። ድምፅ ማጉያህን ለእኔው ሸጥክልኝና ልጅህ ጋ ሄድክ። ልጅህ ባለፈው ስትደውል መኪና ውስጥ እንኳ ሙዚቃ አስጠፍቶኛል አለችኝ። እኔም ለሷ፣ ጊዜ ስጪው አልኳት። አፌ እንዴት እንደታዘዘልኝ እንጃ።

ለዚህ ደብዳቤ ስል የድሮ ማስታወሻዎቼን አገላበጥኩ። ስለ ቅዳሜዎቹ የጻፍኩት እንዲህ ነው። «ሁለተኛው። ቅንድቡን አነሳ። ጥሩ ነው።» «አራተኛው። ወደ መስኮቱ ዞረ። አይሆንም።» «አንደኛው። በእግሩ መምታት ጀመረ። ነገ ሄጄ ልግዛው።» እንዲህ እያለ ስንት ደብተር ሙሉ ይሄዳል። አንተ ከሄድክ ወዲህ ያሉት ቅዳሜዎች ላይ ግን ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ብቻ ነው የጻፍኩት። በነዚህ ወራት ሦስት ቤዝ ገዛሁ። መምህርቷ ሦስቱንም መትታ «ይሄን ደግሞ ለምን ገዛኸው?» ብላኛለች።

አሁን ስለዚህ ሳምንት። ሐሙስ የሁለቱንም ቤዝ ሆድ ከፈትኩ። የአንተዋን ወደ ቤቷ ልመልስ፣ የእኔዋን ላወጣ። ክዳናቸውን አውልቄ ሁለቱንም ጨርቅ ላይ አስቀመጥኳቸው፣ ያንተዋን በቀኝ በኩል። ደወሉ ሲጮህ ደንበኛ ላስተናግድ ወጣሁ። ስመለስ ባለቤቴ ጠረጴዛውን ወልውላለች፤ ሁለቱም ንጹሕ ብለው መስኮቱ ሥር ተደርድረዋል። የቷን ከየት እንዳነሳሽ ብላት፣ «ሁለቱም አንድ ናቸው፣ እኔ ምኑን አውቄ? አቧራ በአቧራ ነበር» አለች። ፊቴ ሲለዋወጥ ስታይ ደግሞ ነገሩ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። መወልወያዋን አጥፋ አስቀመጠች። ከዚያ «በል፣ እስከ ዛሬ በጆሮዬ እለያለሁ ስትል የኖርከው አንተ አይደለህ? ቁጭ በልና ለያቸው» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። በቴስተር ለካኋቸው፤ ያኔ ተቀራራቢዋን መርጬ ስለነበር ቁጥሩ ምንም አይናገርም። አንደኛዋን ቤዝህ ላይ አስሬ ያችን ሐረግ መታሁ። ፈታሁ። ሁለተኛዋን አስሬ መታሁ። እንዲህ ሰባት ጊዜ። ባለቤቴ የበሩን መቃን ተደግፋ ትጠብቅ ነበር። በሰባተኛው ቀና ብዬ ፊቷን አየሁ። እሷም የእኔን ፊት እያየች ነበር።

እናም ሁለቱንም ከቤዝህ ጋር ልኬልሃለሁ። ሰኞ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አውቶቡስ ላይ እጭናቸዋለሁ፤ ማክሰኞ መናኸሪያ እንድትረከባቸው ለልጅህ እደውላለሁ። ፒክአፖቹ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ በጥጥ ተጠቅልለዋል። አንዷ ላይ አረንጓዴ ክር፣ አንዷ ላይ ነጭ ክር አስሬባቸዋለሁ፤ ቀለሙ ምንም ትርጉም የለውም፣ እንዳይምታታብህ ነው። ቤዙ ውስጥ በብሎን የሚጠብቅ ማያያዣ አድርጌልሃለሁ፣ የብየዳ ካውያ አያስፈልግህም፣ ካቻቢቴ ይበቃል። ድምፅ ማጉያህንም አብሬ እጭነዋለሁ። እሱ ስጦታ አይደለም፣ መጀመሪያም እኔ ጋ መምጣት ያልነበረበት ዕቃ ነው። ልጅህን ጠርተህ አንዷን ታስርልህ፣ የትኛዋ እንደሆነች ሳትነግርህ። ምታ። ከዚያ ሌላዋን ታስርልህ። ከሁለቱ አንዷ ያንተ ናት። ሁለተኛ ጊዜ መምታት የሚያስፈልግህ አይመስለኝም።

የተረፈችውን የፈለግከውን አድርጋት፣ ለእኔ እንዳትልካት ብቻ። የማደርግባት ነገር የለኝም።

ነገ ቅዳሜ ነው። መጋረጃው ሳይዘረጋ ይህንኑ ለሁሉም እናገራለሁ። ጥርስ ሐኪሙ የሚለኝን ከአሁኑ እየሰማሁት ነው፤ ሹፌሩ ደግሞ ከእንግዲህ ከመንገድ አይደውልልኝም፣ ያ ይብሳል። መምህርቷ መጋረጃውን አጥፋ ይዛ የምትሄድ ይመስለኛል። ይሁን።

ይቅርታህን አልጠይቅም፤ ብትከለክለኝ ልክ ነህ፣ ብትሰጠኝ ደግሞ የት አስቀምጠዋለሁ? ለእኔ ምንም እንዳትጽፍልኝ። ወደ ሆቴሉ ሰዎች ግን ደውልላቸው። ከበሮ መቺው ከአንተ በኋላ የመጣውን ሰው «እዚህ ያለ አይመስልም» ይለዋል።

ፈጣሪ ጆሮህን ይጠብቅልህ። ጉልበትህን ያበርታልህ። ልጅህን ያኑርልህ፣ የልጅ ልጅህንም በጭንህ ላይ አስቀምጠህ ወፍራሙን ክር በጣቷ የምታስመታበትን ቀን ያሳይህ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ፊት ለፊትህ ይቀመጥ የነበረው
ወንድምህ