ለስፌት ቤትሽ የለሰንኩት ሊሾ

እህቴ አስረሳሽ፣

ዝናቡ ዘገየ፤ እኔን ወባ ጣለኝ፤ የአንቺንም የእኔንም ማሽላ ብቻሽን አረምሽ። ከዚያ ክረምት ጀምሮ ወንፈልሽ አለብኝ።

አሮጌውን ባዶ ክፍል የስፌት ቤት ልታደርጊው ስትነሺ ግን ያን ግንበኛ አራጌን ጠራሽ። «የአንተን የመሰለ እጅ የት ይገኛል!» አልሽው። ለእኔ እንዲህ ብለሽ አታውቂም። እሱም «አባባ፣ እርስዎ ጥላ ስር አረፍ ይበሉ» አለኝ።

አንቺ ሳቅሽ።

ዛሬ ገበያ እንደወጣሽ፣ እሱ ባመጣው ሲሚንቶ የተሰነጣጠቀውን ወለል ጠግኜ ሊሾውን ራሴ ለሰንኩት። እስከ ነገ እንዳትረግጪው። ከነገ ጀምሮ ጠዋትና ማታ ውኃ አርከፍክፊበት። ስንደዶሽ ጓዳ ነው። አራጌን አትምጣ በዪው።

ሮቢት ከተማ ለቅሶ ሄጃለሁ። ስመለስ ስለ ወገቤ አትጠይቂኝ።

የአረሙን ወንፈል መልሻለሁ።