ድስቱ ውስጥ የነበረውን ንገረው

ውድ ወንድም ጋሼ፣

«ውድ» ያልኩህ እጄ ስለለመደው ነው። ሌላ ቃል ፍለጋ ሦስት ወረቀት ቀድጄ ተውኩት።

ባለቤትህ ነግራኛለች። ሐኪም ቤት የገባሁ ዕለት ምሳ ላይ ያቀረብክልኝ የምስር ሾርባ በበሬ አጥንት መረቅ የተሠራ ነበር። «ዛሬ ውሸቷን እናያለን» ብለህ እየሳቅክ ነበር አሉ ያማሰልከው። እሷን እንዳትቆጣት፤ ያፋጠጥኳት እኔ ነኝ።

ከብት ሳክም መዥገር እንደነከሰኝ ከማንም በላይ የምታውቀው አንተ ነህ። በወረንጦ የነቀልክልኝ አንተ ነህ፣ «አይዞሽ» እያልክ። ከዚያ ወዲህ ሥጋ በበላሁ በአምስት ሰዓቱ ገላዬ በሽፍታ ይሞላል፣ ከንፈሬ ያብጣል። አንተ ግን ባለ ሉካንዳ ነህና ነገሩን እንደ ስድብ ወሰድከው። በደንበኞችህ ፊት «እውነት ሥጋው ቢሆን እንደጎረስሽው ይታይ ነበር፤ ቀጠሮ ይዞ የሚመጣ በሽታ አላውቅም!» አልከኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ያ ሳቄ አሁን ድረስ ያናድደኛል።

ሐኪሙ የጠረጠረውን ስንቴ አስረዳሁህ! በከብት፣ በበግ፣ በፍየል ሕዋሶች ላይ ሰው ላይ የሌለ አንድ ዓይነት ስኳር አለ። ሻይ ውስጥ የሚገባው አይደለም፤ የሕዋሱን ገጽ የሚያለብስ ነው። መዥገሯ በምራቋ ያን ስኳር አቀበለችኝ፣ ሰውነቴም ጠላት ብሎ ያዘው። ጀርምንም ቢሆን ብዙ ጊዜ የሚለየው እንዲሁ ነው፤ የመከላከያ ሕዋሶቻችን በላያቸው ባሉ ተቀባዮች የጀርሙን ስኳር ይዳስሳሉ። አንተ ሥጋ በጣትህ ነክተህ የስንት ቀን እንደሆነ ትናገር የለ? ልክ እንደዚያ ነው። የእኔዎቹ ታዲያ የበሬህን ስኳር ባገኙ ቁጥር ወረርሽኝ የገባ ይመስላቸዋል። ስኳሩ ከስቡ ጋር እየተጎተተ ወደ ደም ስለሚገባ ነው ሕመሙ የሚዘገየው። አንተ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ።

የመረቁንስ ይቅር ልልህ እችል ነበር። ቂልነት ነው፣ እልህ ነው። ሐኪም ቤት ያደረግከውን ግን አልችልም። ጉሮሮዬ ተዘግቶ፣ የአየር ጭምብል አፌ ላይ ተደርጎ ሳለሁ ሐኪሙ «ሥጋ ነክ ነገር ቀምሳለች?» ብሎ ጠየቀህ። ዓይንህን በጨው አጥበህ «ኧረ ምስር ብቻ ነው!» አልከው። ሰምቼሃለሁ። አምኜህም ነበር።

ሕመሙን የሚያረጋግጠው የደም ምርመራ እዚህ ስለማይሠራ የሐኪሙ ማስረጃ የአንተ ቃል ብቻ ነበር። የሥጋውን ጥርጣሬ ሰርዞ ምስሩን ጠረጠረ። ሦስት ወር በሩዝና በሙዝ ኖርኩ፤ ምስር ሳይ ከማዕድ እነሳ ነበር፣ ምንም ያላደረገኝን ምስር! በመጪው ማክሰኞ ደግሞ ሥጋ በጥቂቱ እንድሞክር ቀጥሮኛል። ይህን ስነግርህ ምን አልከኝ? «ምርጡን ብልት እኔ አመጣለሁ።» ባለቤትህ መቻል ያቃታት ያን ስትሰማ ነው። አንተ እንዴት ቻልክ? እፍረትህን ለመሸፈን እኔን ትቀብረኝ ነበር?

እኔ ለሐኪሙ መንገር አያቅተኝም። ማክሰኞ ጠዋት እነግረዋለሁ። ግን ከእኔ በፊት ሄደህ፣ ድስቱ ውስጥ የነበረውን በራስህ አፍ እንድትነግረው እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ለድንገተኛው ጊዜ የሚሆን መርፌ ተሰጥቶኛል፤ እኔ ራሴን ስስት ጭኔ ላይ የሚወጋኝ ሰው ማሠልጠን አለብኝ። ቅጹ ላይ ስምህን ጽፌ ነበር። ትናንት ሰርዤ የጎረቤቴን የልብስ ሰፊዋን ስም አስገባሁ። ከተዋወቅን አራት ወር አይሞላንም። ብርቱካን ላይ እየወጋች ስትለማመድ ደጋግማ «ምን ምን ነው የማትበዪው? ጻፊልኝ» አለችኝ።

እህትህ